«ዌር» ማለት «ለበሰ» ነው ያለው ማነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲ የገባ ወጣት ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘ እንበል። ቀጣሪው አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ሰኞ ሥራ ሲጀምር «ብላክ ፓንትስ፣ ኋይት ሸርት፣ ብላክ ሹዝ» አድርጎ እንዲመጣ ያዛል። ሸሚዙና ጫማው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ግን ግራ ያጋባል። አገር ቤት «ፓንት» የሚባለው ከሱሪ ሥር የሚለበሰው ነው፤ የዚያን ቀለም ደግሞ አለቃ ምን አግብቶት ነው የሚቆጣጠረው? ጉዳዩ ቀድመው ለመጡ ያገር ልጆች ሲነገር ሳቅ ይሆናል። አሜሪካኖች «ፓንትስ» የሚሉት ሱሪን ነው።

ወጣቱ እንግሊዝኛ አያውቅም ብሎ መፍረድ ግን ግፍ ነው። ቃሉን የያዘው በእንግሊዞቹ ፍቺ ነው። ለንደን ላይ «ፓንትስ» የውስጥ ልብስ ነው፤ ሱሪ «ትራውዘርስ» ይባላል። ኒውዮርክ ላይ «ፓንትስ» ሱሪ ይሆንና የውስጡ «አንደርዌር» ይባላል። የቃሉ ሥር የሚመዘዘው ከጣሊያን ነው። በድሮው የጣሊያን አስቂኝ ቴአትር ውስጥ ፓንታሎኔ የሚባል ገንዘብ የማይጠግብ የቬኒስ ሽማግሌ ነበር። ይህ ገጸ ባሕርይ በሚታወቅበት አለባበስ ሰበብ «ፓንታሎን» የሱሪ ስም ሆነ፤ አሜሪካኖች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሳጥረው «ፓንትስ» አሉት፤ እንግሊዞች ደግሞ ከሱሪ ሥር አስገቡት።

በትምህርት ቤት የልብስ ቃላት ከሁሉ የቀለሉ ተብለው ነው የሚሰጡት። መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለ፣ ከሥዕሉ ሥር ስም አለ፣ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ትርጉሙ ይጻፋል፦ ሸርት፣ ሸሚዝ፤ ስከርት፣ ጉርድ ቀሚስ፤ ዌር፣ ለበሰ። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ባል እየፈለገ መዳር ልማዱ ይሆናል። 9ኛ ክፍል ሲገባና ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሲሆንበት ይኸው ልማድ አብሮት ይዘልቃል። የልብስ ምዕራፍ ቀላል ሳይሆን ይህን ልማድ ገና ከጅምሩ ለመስበር የተመቸ ምዕራፍ ነበር። ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ውስጥ እንደ ልብስ ቃል ፍቺው በአገር፣ በአካልና በጊዜ የሚገለባበጥ ጥቂት ነው።

ከግሱ እንጀምር። ጓደኛው ደጅ ቆሞ ሲደውልለት «መጣሁ፣ እየለበስኩ ነው» ለማለት የፈለገ ሰው «አይ አም ዌሪንግ» ይላል። ከወዲያ ያለው እንግሊዛዊ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ለእሱ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ምን እንደተለበሰ ገና አልተነገረውም። «ዌር» ልብሱ ገላ ላይ ካረፈ በኋላ ያለውን ሁኔታ ይናገራል። ልብሱን አንስቶ ገላ ላይ የማዋሉ ድርጊት «ፑት ኦን» ነው። ከአልጋ ተነስቶ ለባብሶ ለመውጣት መሰናዳቱ ደግሞ «ጌት ድሬስድ» ነው፤ እዚህ ላይ የልብሱን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም።

አማርኛ ይህን ልዩነት አጥቶት አይደለም። ሌላ ግስ ከመፈለግ ይልቅ ያንኑ ግስ በማርባት ይለየዋል። «እየለበሰ ነው» የተባለ ሰው አንድ እጁ ገና እጅጌው ውስጥ አልገባም፤ «ለብሷል» የተባለው ጨርሶ ቆሟል። ስለዚህ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ሬድ ድሬስ» የሚለው ወደ አማርኛ ሲመጣ «ቀይ ቀሚስ ለብሳለች» ነው። «ኢንግ» ካየህ «እየ» በል የሚለው የክፍል ውስጥ ደንብ ግን ሴትዮዋን ሰው ፊት ቀሚሷን እያጠለቀች ያስቀራታል። ደንቡ ለመራመድና ለመብላት ይሠራል፤ ለልብስ ሲሆን ያሳፍራል።

በሌላ በኩል እንግሊዝኛ በአንድ «ዌር» ከራስ እስከ እግር ሲያዳርስ አማርኛ በየአካሉ ግስ ይለዋውጣል። ልብስ ይለበሳል። ሱሪ ይታጠቃሉ፣ ጫማ ይጫማሉ፣ ጋቢ ይደርባሉ፣ ካልሲና ቀለበት ያጠልቃሉ፣ ሰዓትና ከረባት ያስራሉ፣ መነጽር ያደርጋሉ፣ ሽርጥ ያገለድማሉ፣ ጥምጥም ይጠመጥማሉ፣ ቆብና ዘውድ ይደፋሉ። ነጠላ ደግሞ ራሱን የቻለ ሰዋስው አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይወጣል፤ ሩቅ ያለ ሰው የነጠላውን አጣጣል አይቶ ሐዘን መኖሩን ያውቃል። ይህን ሁሉ እንግሊዝኛ «ዌር ኤ ነጠላ» ብሎ ያልፈዋል። የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲማር «ኮፍያ ለበሰ» ቢል ማንም አይጣላውም፤ ነገር ግን ያገሬው ሰው እንደዚያ እንደማይል ሊነገረው ይገባል። ለእኛ ተማሪም እንዲሁ።

«ዌር» አማርኛው «ለበሰ» ሊደርስበት የማይችልበት ቦታም ይገባል። እንግሊዛዊ ፂም «ዌር» ያደርጋል፣ ረጅም ፀጉር፣ ሽቶ፣ የከንፈር ቀለም፣ ፈገግታ ሳይቀር። በእኛ ቤት ፂም ያሳድጋሉ፣ ሽቶ ይቀባሉ፣ ፈገግታ ደግሞ ከፊት ላይ ይነበባል እንጂ አይለበስም። አማርኛ ግን ልብስን ከልብስ ሳጥን ማውጣት አያቅተውም፤ ድል ይጎናጸፋል፣ ወኔ ይታጠቃል፣ ሥጋ ለበሰ ብሎ ደግሞ ትልቁን የሃይማኖት ምሥጢር ይናገርበታል።

ከዚሁ ቃል ጋር ገንዘብ የሚያስወጣ ጉዳይ አለ። «ዌር» በእንግሊዝኛ ማለቅ፣ መሳሳት፣ ማርጀትም ነው፤ ልብስ ሲለበስ ያልቃልና ሁለቱ ፍቺዎች ከአንድ ቃል መውጣታቸው አይገርምም። አሜሪካም እንግሊዝም ቤት የተከራየ ሰው ውሉ ላይ «ዌር ኤንድ ቴር» የሚል ሐረግ ያገኛል። ሲኖሩበት በራሱ ጊዜ ያረጀ ነገር ማለት ነው፤ የደበዘዘ የግድግዳ ቀለም፣ እግር የበዛበት ቦታ ላይ የሳሳ ምንጣፍ። እንዲህ ያለው እርጅና ከተከራዩ ማስያዣ ገንዘብ ላይ አይቆረጥም፤ ተከራዩ የሚጠየቀው በሰበረውና ባበላሸው ነው። «ዌር»ን «ለበሰ»፣ «ቴር»ን «ቀደደ» ወይም «እንባ» ብሎ የሸመደደ ሰው ያንን አንቀጽ ሲያነብ ምን እንደሚገባው መገመት ያዳግታል፤ አከራዩ ላይ ሊከራከርበት የሚችል መብት እዚያው እንደተጻፈለት ግን አያውቅም።

«ድሬስ» ደግሞ ከሁሉ የከፋ ተንኮለኛ ነው። ትምህርት ቤት ሲፈታ «ቀሚስ» ተብሎ ነው፤ ይህ ትክክል ነው፤ ግን የቃሉ ጭራ ብቻ ነው። ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲወሰድ ማሰናዳት፣ ማስተካከል ማለት ነበር፤ ከዚያ በስተጀርባ ያለው ላቲኑ ደግሞ ቀጥ ያለውን፣ የቀናውን የሚያመለክት ነው። መሥሪያ ቤት ያለው «ዳይሬክተር» ከዚሁ ግንድ የወጣ የሩቅ ዘመድ ነው። አንዴ ማሰናዳት መሆኑ ከታወቀ የቀረው ሁሉ በራሱ ይገጣጠማል። ሰላጣ በዘይትና በኮምጣጤ ይሰናዳል፤ ያ «ድሬሲንግ» ነው። የታረደ ዶሮ ላባው ተነጭቶ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሲሰናዳ «ድሬስ» ተደረገ ይባላል፤ ከአማርኛው አንጻር ዶሮው በዚህ ጊዜ ልብሱን አወለቀ እንጂ አልለበሰም። ድንጋይ ጠራቢም፣ ቆዳ ፋቂም፣ ሰልፍ የሚያስተካክል የጦር አዛዥም በዚሁ ቃል ይጠቀማሉ። አሜሪካ ውስጥ በተለይ በደቡቡ ክፍል በምስጋና ቀን ከተርኪው ጎን የሚቀርበው የዳቦ ምግብም «ድሬሲንግ» ነው፤ ሰላጣ ሳይኖር ድሬሲንግ ሲቀርብለት የሚደናገር እንግዳ ጥፋት የለበትም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለዚህ ቃል የራሱ ማስረጃ አለው። ሆስፒታል ሄዶ ቁስሉን ያሳጠበ ሰው «ድሬሲንግ አለብኝ» ይላል፤ ማንም ቀሚስ አይታየውም። ከዚያም በፊት በየገጠሩ ክሊኒክ «ድሬሰር» የሚባል የጤና ሠራተኛ ነበር። ቁስል ያጥባል፣ ይጠቀልላል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም ተብሎ ይጠራል። ብዙ አዛውንት ዛሬም ያስታውሱታል። ያው ቃል አሜሪካ ቤት ውስጥ ባለ መሳቢያ የልብስ ማስቀመጫ ነው፤ እንግሊዝ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን የሚደረደርበት መደርደሪያ ነው፤ ቴአትር ቤት ደግሞ ተዋናዩን የሚያለብሰው ሠራተኛ ነው። መዝገበ ቃላቱ ከአራቱ አንዱን ብቻ ጽፎ ሲቀመጥ፣ የዕቃ ሻጭ ማስታወቂያ የሚያነበው ስደተኛ «ድሬሰር በርካሽ ይሸጣል» የሚለውን ወስዶ ከየትኛው ጋር ያገናኘው?

በቃሉ ላይ ትንሽ ጭማሪ ሲደረግ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ድሬስ ዳውን» ሱፍና ከረባቱን ትቶ ቀለል አድርጎ መልበስ ነው። «ድሬሲንግ ዳውን» መስጠት ግን አንድን ሰው አፉን አስይዞ መገሠጽ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ የግብዣ ካርድ የሚደርሰው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ካርዱ ጥግ ላይ አለባበሱ በሁለት ቃል ይጻፋል። «ብላክ ታይ» የሚለው ጥቁር ከረባት አድርጎ ለመጣ ሰው አዘኔታ የለውም፤ የሚፈለገው የእራት ጃኬትና የቢራቢሮ ከረባት ነው። «ላውንጅ ሱት» የሚለው ደግሞ ስሙ ሳሎን ቢያስታውስም ደንበኛው የሥራ ሱፍ ነው። «ናሽናል ድሬስ» ተብሎ ሲጻፍ ወንዱንም ይጨምራል፤ እጀ ጠባብና ጃኖ ለብሶ መሄድ ይቻላል፤ ቀሚስ የጠየቀው የለም። የእንግሊዞቹ «ፋንሲ ድሬስ» ደግሞ ወጥመድ ነው። «ፋንሲ» ያማረ፣ የተሽሞነሞነ ነውና ተጋባዡ ከሣጥን ውስጥ ምርጡን አውጥቶ ለብሶ ይሄዳል፤ ሲደርስ አስተናጋጁ የባሕር ወንበዴ መስሎ፣ ሚስቱ ድመት ሆና ይጠብቁታል። ግብዣው የማስመሰያ ልብስ ግብዣ ነበር።

ቀሚስ ከተነሳ አይቀር፣ እሱ ራሱ የተጓዘው መንገድ ከብዙ ክርክር ያድናል። በመጨረሻው የሮም ዘመን ላቲን «ካሚሲያ» የሚባል የበፍታ እጀ ጠባብ ነበር፤ ቅዱስ ጀሮም ወታደሮች ከገላቸው ጋር አጣብቀው እንደሚለብሱት ጠቅሶታል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት ዐረቡ «ቀሚስ» ከዚያ የመጣ ነው፤ ቁርኣን ውስጥ የዩሱፍ ልብስ በዚህ ስም ይጠራል፤ ግዕዙም አማርኛውም ይኸው ቃል አላቸው። ፈረንሳዮቹ ከዚያው ላቲን «ሸሚዝ» አወጡ፤ እሱም ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። እንግሊዞች ከፈረንሳዮቹ «ሸሚዝ»ን ተቀብለው የሴት የውስጥ ልብስ አደረጉት፤ «ካሚሶል» የሚሉትን ስስ ካናቴራ መሰል ልብስም ከዚሁ ዘር አገኙ። ባልና ሚስት አዲስ አበባ ላይ ለሠርግ ሲወጡ እሷ ቀሚስ፣ እሱ ሸሚዝ ለብሰው ከሆነ ሁለቱም የለበሱት አንድ የሮማ ወታደር እጀ ጠባብ ነው። እዚህ ቀሚስ ከላይ እስከ እግር የሴት ነው፤ ሪያድ ላይ ግን «ቀሚስ» ሸሚዝ ነው፣ የወንዱ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄደች እህት ይህን የምትማረው ልብስ ስትተኩስ ነው።

እንግሊዝኛ ራሱ ከዚህ ዓይነቱ ውዥንብር አላመለጠም። «ሸርት» እና «ስከርት» ከአንድ ቃል የተወለዱ ናቸው፤ አንደኛው የጥንቱ እንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በቫይኪንጎች አፍ የመጣ። ቫይኪንጎቹ በቃላቸው ሸሚዝ ይሉበት ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ከወገብ በታች ወረደ። «ሳሽ» የሚሉት በወገብ ወይም በትከሻ ላይ የሚታሰር ሪባን ከዐረቡ «ሻሽ» ነው፤ ያው ሻሽ የእኛ እናቶች ፀጉራቸውን የሚያስሩበት ነው። ካይሮ ላይ «ሹራብ» ብሎ የጠየቀ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ካልሲ ይሰጡታል።

ታዲያ «አማርኛ በባዕድ የልብስ ቃል ተጥለቀለቀ» የሚለው እሮሮ ምን ያህል ያስኬዳል? ካልሲ፣ ካናቴራ፣ ከረባት፣ ቱታ ከጣሊያን መጡ፤ ቱታማ በ1920 እ.ኤ.አ. ታያት በሚል ስም የሚታወቅ የፍሎረንስ አርቲስት ለሕዝብ ያስተዋወቀው ልብስ ነው። እንግሊዝኛም በዚሁ መንገድ ነው የከበረው። «ፒጃማ» ከህንድ የመጣ የእግር ልብስ ነው። «ጂንስ» ስሙን ያገኘው ከጄኖዋ ከተማ፣ «ዴኒም» ከፈረንሳይዋ ኒም። «ካኪ» በኡርዱ አቧራማ ማለት ነው፤ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲዘምት ከህንድ ያመጣው ጦር ውስጥ ካኪ የለበሱ ነበሩበት፤ ዛሬ አማርኛ በቃሉ ፖስታ ጭምር ይጠራበታል። የእንግሊዝ ወታደር ዩኒፎርሙን አውልቆ የሲቪል ልብስ ሲለብስ «ሙፍቲ» ለበሰ ይባላል፤ የሸሪዓውን ሊቅ ማዕረግ ልብስ አድርገው እስከዛሬ ይሉታል። ሹራብ መሰሉ «ካርዲጋን»ና ፊትን የሚሸፍነው «ባላክላቫ» ደግሞ ሁለቱም በአንድ የክራይሚያ ጦርነት ሰበብ የወጡ ስሞች ናቸው፤ አንዱ የጦር መሪው የካርዲጋን ኧርል፣ ሌላው በ1854 እ.ኤ.አ. የተዋጉበት ቦታ።

አደጋው ያለው ቃሉ መግባቱ ላይ አይደለም፤ ከገባ በኋላ ፍቺው መዞሩን አለማወቅ ላይ ነው። አማርኛ «ኮት» የሚለው የሱፉን የላይ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛ ዛሬ «ኮት» ሲል ባመዛኙ ከሁሉ በላይ የሚደረበውን ካፖርት ነው፤ የሱፉን የላይ «ጃኬት» ይለዋል። እኛ ደግሞ «ጃኬት» የምንለው ዚፕ ያለውን ነው። «ሱፍ» የጨርቁ ስም ነበር፤ ፖሊስተር ሆኖም ሱፍ መባሉን አልተወም። «ታይት» መርካቶ ላይ ወፍራም የስፖርት ሱሪ ነው፤ ለንደን ላይ «ታይትስ» ብላ የጠየቀች ሴት እግር የሚያሳይ ስስ ስቶኪንግ ይቀርብላታል። አማርኛው ተሳስቶ አይደለም። ፓሪስም ለንደንም በየራሳቸው ያደረጉትን ነው ያደረገው፤ ቃሉን ወሰደ፣ በልኩ ሰፋው። ስህተቱ የሚመጣው የእኛን «ኮት» ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ያው «ኮት» ነው ብለን ስንተማመን ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም እርስ በርሳቸው አይግባቡም። «ቬስት» ለእንግሊዙ ካናቴራ፣ ለአሜሪካው ሰደርያ ነው። «ጃምፐር» በለንደን ሹራብ፣ በቺካጎ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ነው። «ሳስፔንደርስ» በአሜሪካ የሽማግሌ ሱሪ ማንጠልጠያ፣ በእንግሊዝ የሴት ስቶኪንግ መያዣ። አውስትራሊያ የሄደ ሰው «ቶንግስ አድርገህ ና» ቢባል ነጠላ ጫማ ያድርግ፤ ሌላ አገር ከተባለ ግን የውስጥ ሱሪ ማለት ሊሆን ስለሚችል ስድብ መሆኑን ይጠርጥር።

ሱቅ ውስጥ ያለው ወሬ ከዚህ ይቀላል፣ ነገር ግን እዚያም ሦስት ቃል አለ። መርካቶ ላይ ሻጩ «ልክህ ነው» ይላል፣ ቀጥሎ «አምሮብሃል» ይላል፣ ከረባቱን ሸሚዙ ላይ አስደግፎ ደግሞ «ይሄዳል» ይላል። እንግሊዝኛም ሦስቱን ይለያል፤ ልክ መሆኑ «ፊት»፣ ማማሩ «ሱት»፣ ከሌላው ልብስ ጋር መሄዱ «ማች» ነው። መጠኑ ትክክል ሆኖ የማያምር ልብስ አለ፤ ሁለቱን ቃል ያደባለቀ ገዢ ልብሱ ጠቦታል ወይስ አስቀይሞታል የሚለው አይታወቅለትም። «ሱት» ከ«መከተል» የመጣ ነው፤ ኮቱና ሱሪው የሚከታተሉ ስለሆኑ ልብሱ ያንን ስም ያዘ፤ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ክስም «ሱት» ነው፣ አንድን ሰው ተከታትሎ መያዝ ነውና። የሰርጉን ሱፍና የፍርድ ቤቱን ክስ አንድ ቃል ሲጠራቸው ግራ የሚጋባ ሁሉ ይህን ቢሰማ ቃሉን ሁለተኛ አይረሳውም።

መፍትሔው አዲስ ግኝት የሚጠይቅ አይደለም። የቋንቋ ሊቁ ወልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዳጎስ ያለ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ስሙም ሥራውም የአገባብ መዝገበ ቃላት ነው፤ እንግሊዝኛውን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ አማርኛውንም በዓረፍተ ነገር ይሰጣል። ይህ ሥራ በመምህራን እጅ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሊኖር ሲችል የመማሪያ መጽሐፎቻችን አሁንም ሥዕልና ስም ይደረድራሉ። የልብስ ምዕራፍ አንድ የሱቅ ንግግር፣ አንድ የሥራ ማስታወቂያ፣ አንድ የግብዣ ካርድና አንድ የኪራይ ውል ቢይዝ የቃላቱ ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚቀሩት ግን በየቦታቸው ይታወቃሉ። መምህሩም «ዌር፣ ለበሰ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ሰዓት ምን ይደረጋል? ጫማስ?» ብሎ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ አማርኛቸውን እግረ መንገዱን ያስቆጥራቸዋል። ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛን ማባረር ለእንግሊዝኛው አልጠቀመውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ነው የሚያዋጣው።

እስከዚያው በከተማ ውስጥ ወዲያው ሊስተካከል የሚችል ነገር አለ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቦሌ የባህል ልብስ ሱቆች በላያቸው ላይ «ካልቸራል ክሎዝ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋሉ። «ክሎዝ» ጨርቅ ነው፤ ከጣቃ ላይ የሚቆረጠው። ልብስ «ክሎውዝ» ነው፤ ኦው ረዘም ይላል፣ መጨረሻው ላይ «ኢ» እና «ኤስ» ይጨመርበታል። በእኛ ፊደል ስንጽፋቸው ስለሚመሳሰሉ ጆሯችንም አይለያቸውም፤ ቱሪስቱ ግን የሚያነበው «የባህል ጨርቅ» ሆኖ ነው። «ክሎውዝ» ደግሞ ነጠላ ቁጥር የለውም፤ አንድ ልብስ ለማለት የሚያስቸግር ቃል ነው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲቸገሩ «ጋርመንት» ወደሚል ይሸሻሉ። ለሱቅ ሰሌዳ የሚሻለው «ክሎዚንግ» ነው፤ ነጠላና ብዙ ብሎ አያስጨንቅም፣ ጨርቅም አይመስልም፤ ሰሌዳ ጻፊውም አሁን ካለው ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ነው የሚጨምረው።